ከመንዳት ጋር የተያያዙ የእንግሊዝኛ ጥምር ግሦችን መቀላቀል ያቆምኩበት መንገድ

ችግሩ የሚከተለው ነበር፤ ከመንዳት ጋር የተያያዙትን የእንግሊዝኛ ጥምር ግሦች (ግሥ ከ«አፕ» ወይም ከ«አውት» ዓይነት ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ፍቺ የሚሰጥባቸውን) በጥያቄና መልስ ካርድ ስጠየቅ በትክክል እመልሳለሁ፤ በንግግር መካከል ሲመጡ ግን «ፑል ኦቨር»ን ከ«ፑል አውት»፣ «ፑል አፕ»ን ከ«ፑል ኢን» እቀላቅላለሁ።

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ለመተርጎም ሞከርኩ፤ «ፑል» መሳብ ነውና የሚሳበውን ነገር ስፈልግ ሁለት ቀን አለፈ። ቀጥሎ አንኪ በተባለው የጥናት ካርድ መተግበሪያ ላይ በ«ፑል» የሚጀምሩትን በሙሉ በአንድ ላይ አስገባሁ፤ ይህም ተመሳሳዮቹን አጎራብቶ መደናገሩን አባባሰው።

የሠራው ዘዴ ልጅ የሚጫወተውን ይመስላል። በወረቀት ላይ መንገድ ሥዬ፣ የክብሪት ቀፎ እንደ መኪና እየነዳሁ፣ ድርጊቱን ስፈጽም ቃሉን ጮክ ብዬ ማለት ጀመርኩ፦ ቀፎው ከቆመበት ወጥቶ ወደ መንገዱ ሲገባ «ፑል አውት»፣ እየሄደ ሳለ ዳር ይዞ ሲቆም «ፑል ኦቨር»፣ ወደ ማደያ ሲታጠፍ «ፑል ኢን»፣ ደጃፍ ደርሶ ቀጥ ሲል «ፑል አፕ»፣ ወደ ኋላ ሲሄድ «ባክ አፕ»። አብዛኛውን ትርጉም የሚሸከመው ግሡ ሳይሆን ተከታዩ ትንሽ ቃል መሆኑ የታየኝ ያን ጊዜ ነው፤ «አፕ» ብቻ በዚህ ሕግ አይገዛም፤ በ«ፑል አፕ» መቆምን፣ በ«ባክ አፕ» ደግሞ ወደ ኋላ መሄድን ያመለክታልና።

በቀፎው ያልተፈታው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ተሳፋሪን ስለማንሳት ሲነገር ተውላጠ ስሙ መሃል ስለሚገባ «ፒክ ሂም አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ሂም» አይባልም፤ መኪና መበላሸቱን የሚገልጸው «ብሬክ ዳውን» ደግሞ በዚህ ፍቺው ተሳቢ ጨርሶ አይወስድም። ለእነዚህ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በካርዱ ላይ ጻፍኩ።