አንድ ቀን በአውራንጋባድ፦ በኮንትራት መኪና ከዳውላታባድ እስከ ኤሎራ

በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት የምትገኘውን አውራንጋባድን የቆረቆራት ሐበሻ ነው። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ በየመንና በባግዳድ አልፎ ህንድ የደረሰ፣ በመጨረሻም የአህመድናጋር ሱልጣኔትን በእንደራሴነት የመራ ሰው ነው። በ1610 ሲመሠርታት ስሟ ካድኪ ነበር። አውራንጋባድ ያላት በኋላ የመጣው፣ ሙጋል ከሚባለው የህንድ ሙስሊም ሥርወ መንግሥት የሆነው አውራንግዜብ ሲሆን፣ በ2023 ደግሞ መንግሥት ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ብሎ ሰይሟታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ትኬት ስትቆርጡ አዲሱን ስም ፈልጉ፤ ከሾፌር ጋር ስታወሩ ግን ሁለቱም ስሞች ይሠራሉ።

ለሕክምና ወይም ለትምህርት ሙምባይ ወይም ሃይደራባድ የሚቆይ ሰው ሁለት ቀን ካገኘ፣ ከህንድ ከተሞች መጀመሪያ መሄድ ያለበት እዚህ ነው። አንዱ ቀን ከዚህ በታች ላለው ዙር፣ ማለትም ለዳውላታባድ ምሽግ፣ ለኩልዳባድ መቃብሮችና ከዓለት ለተፈለፈሉት የኤሎራ ዋሻዎች ይበቃል። ችግሩ ሾፌሮች የለመዱት ዙር የማሊክ አምባርን መቃብር አለመጨመሩ ነው። አስቀድማችሁ ካላስጻፋችሁ በበሩ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

ቀኑና መኪናው

ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ሆቴል የያዙ ሰዎች ደጃፉ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአገሩ ሰው ስለሚጎርፍ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ያለው ይሻላል። ሌላው የዋሻ ቦታ አጃንታ 100 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በሌላ አቅጣጫ ነው ያለው፤ የሚዘጋውም ሰኞ ነው። ኤሎራንና አጃንታን በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ የሚላችሁን አትቀበሉ፤ ቀኑን በመንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ። ክረምታቸው ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ከጥቅምት እስከ የካቲት አየሩ ይመቻል፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ስለሚደርስ ምሽጉን መውጣት ከባድ ነው።

የከተማ ኮንትራት በብዛት የሚሸጠው «8 ሰዓት ከ80 ኪሎሜትር» ተብሎ ነው። የዚህ ቀን መንገድ ደርሶ መልስ ከ70 እስከ 80 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ሰዓቱ ግን 10 ገደማ ነው። በ8 ሰዓት ውል ከወጣችሁ፣ ኤሎራ ላይ ገና ዋናውን ሳታዩ ሾፌሩ መደወል ይጀምራል፤ ማታም ተጨማሪ ሰዓት ይታሰብባችኋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የ10 ወይም የ12 ሰዓት ዋጋ ጠይቁ። አንዳንድ ድርጅቶች ኤሎራን ከከተማ ውጭ ጉዞ አድርገው በቀን ቢያንስ የ250 ወይም የ300 ኪሎሜትር ሂሳብ ያስከፍላሉ፤ ለዚህ አጭር መንገድ ይህ አያዋጣም። ሌላው ወጥመድ ኪሎሜትሩ ከየት ይቆጠራል የሚለው ነው። ከሆቴላችሁ ሳይሆን ከመኪናው ማደሪያ ከተቆጠረ ያላያችሁትን መንገድ ትከፍላላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት በዋትሳፕ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላችሁ የሚገባው ይህ ነው፦ ጠቅላላው ዋጋ፣ ነዳጅ፣ የመንገድ ቀረጥ፣ የመኪና ማቆሚያና የሾፌር አበል ተካተዋል ወይ፤ ተጨማሪ ሰዓትና ኪሎሜትር በስንት ይታሰባል፤ ኤር ኮንዲሽኑ ቀኑን ሙሉ ይሠራል ወይ፤ የቦታዎቹ ቅደም ተከተል በስም፤ እና «ገበያ አንገባም» የሚል መስመር። የመጨረሻው አስፈላጊ ነው። ሱቆች ሰው ላመጣላቸው ሾፌር ኮሚሽን ስለሚከፍሉ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ተብላችሁ የገባችሁበት የሐር መደብር አንድ ሰዓት ይበላል። ሂምሩና ፓይታኒ የሚባሉት ጨርቆች የአካባቢው እውነተኛ ሙያ ናቸውና መግዛት የሚፈልግ በማግስቱ ተረጋግቶ ይግዛ።

መኪናው ሲመጣ ታርጋውን እዩ። ሕጋዊ የኪራይ መኪና ቢጫ መደብ ላይ በጥቁር የተጻፈ ታርጋ አለው፤ ነጭ መደብ ከሆነ የግል መኪና ነው፤ ፍተሻ ላይ ከተያዘ ቀናችሁ ይበላሻል። ለሦስት ሰው ትንሿ ቤት መኪና ትበቃለች፤ ከአራት እስከ ስድስት ለምትሆኑ ኢኖቫ ወይም ኤርቲጋ የሚባሉትን ሰፋ ያሉ መኪኖች ጠይቁ። ታርጋውንና የኪሎሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ኤሎራ ማቆሚያ ላይ አንድ ዓይነት ነጭ መኪኖች በደርዘን ስለሚቆሙ የታርጋው ፎቶ ያኔም ይጠቅማችኋል።

የሰዓት ነገር፦ ህንድ ከኢትዮጵያ ሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በህንድ ሰዓት ሆኖ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ለሾፌሩ ስትነግሩት «ጠዋት 2» ሳይሆን «ጠዋት 8» በሉት።

የሚያዝ፦ ፓስፖርት፣ ለሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ባትሪ፣ ካልሲ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ በ50 እና በ100 ሩፒ የተመነዘረ ጥሬ ገንዘብ። ካልሲው ጫማ ማውለቅ ግዴታ በሆነባቸው ቦታዎች ፀሐይ የጠበሰውን ድንጋይ ለመርገጥ ነው። የአገሩ ሰው የሚከፍለው በስልክ ስለሆነ ትንንሽ ሱቆች የውጭ ካርድ አይቀበሉም፤ የ500 ሩፒ ኖት መመንዘርም ያስቸግራቸዋል።

ዳውላታባድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ከሆቴል 2 ሰዓት ተነሱ፤ መንገዱ 15 ኪሎሜትር ያህል ነው። ብዙ ሾፌሮች ኤሎራን አስቀድመው ምሽጉን ለመመለሻ ያስቀሩታል። ይህ ስህተት ነው፤ እስከ ጫፉ 750 ያህል ደረጃ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ እሳት ይሆናል። የኤሎራ ዋሻዎች ደግሞ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ስለሆነ ብርሃን የሚገባቸው ከሰዓት ነው። ቅደም ተከተሉን ለመለወጥ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ምሽጉ ዴቫጊሪ ተብሎ የያዳቫ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። በ1327 ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዋና ከተማውን ከዴልሂ አንስቶ እዚህ አምጥቶት ነበር። በኋላ በማሊክ አምባር እጅ ገባ። እሱ በ1626 ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ሙጋሎች ከልጁ ከፋቴህ ካን ላይ ወሰዱት። የውጭ ዜጋ መግቢያ 300 ሩፒ ነው፤ ከ15 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ፓስፖርቱ ግን ይታያል።

ከበሩ ስትገቡ የሾሉ ብረቶች የተተከሉባቸውን የእንጨት መዝጊያዎች ልብ በሉ፤ በግንባሩ ገፍቶ በር የሚሰብር ዝሆንን ለመከላከል የተሠሩ ናቸው። ቻንድ ሚናር የሚባለውን ረጅም ግንብ አልፋችሁ፣ ሰማያዊ ሸክላ የተለጠፈበትን ቺኒ ማሃል አይታችሁ ወደ ቦዩ ትደርሳላችሁ። እስከዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚህ ቢያበቃ የምሽጉን ዋና ብልሃት አይቷል። ተራራው ከሥሩ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ተጠርቧል፤ ዙሪያው በቦይ ተቆርጧል፤ ማለፊያው አንድ ድልድይ ብቻ ነው።

ከድልድዩ በኋላ የሚመጣው አንዴሪ የተባለው ጨለማ መተላለፊያ ነው። በዓለት ውስጥ የተፈለፈለ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ ጠላት አቅጣጫ እንዲጠፋውና እርስ በርሱ እንዲጋጭ ታስቦ ተሠርቷል። የሌሊት ወፍ ሞልቶበታል፤ ሽታውም ከባድ ነው። የደረጃዎቹ ቁመት እኩል አይደለም፤ ሰው የሚወድቀውም እግሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ብሎ ስለሚገምት ነው። ባትሪውን ወደ እግራችሁ አብሩ። አስም ያለበት ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ከዚህ ይመለስ።

ከአንዴሪ እስከ ባራዳሪ፣ ማለትም ላይ እስካለው የድንጋይ እልፍኝ ድረስ ሌላ 40 ደቂቃ መድቡ። ዝንጀሮዎች በእጅ የተንጠለጠለ ፌስታል ይነጥቃሉና ምግብ መኪና ውስጥ ይቅር። 5 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ጋ ሁኑ።

ኩልዳባድ

አቀበቱን ወጥታችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትንሿ የመቃብር ከተማ ኩልዳባድ ትገባላችሁ። ሾፌሩ የሚያቆመው አውራንግዜብ መቃብር ጋ ነው። ህንድን በሞላ ጎደል የገዛው ሰው በ1707 ሲሞት እንደ ኑዛዜው ጣሪያ የሌለው የአፈር መቃብር ውስጥ ተቀበረ። እዚያ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጥበቃዎች ስም ሊመዘግቡ ስለሚችሉ ፓስፖርቱን አትርሱ፤ ጫማ ይወልቃል፤ ራስ ይሸፈናል። በአገሩ ፖለቲካ ውስጥ የአውራንግዜብ ስም ቁጣ ይቀሰቅሳልና ስለ እሱ ከማንም ጋር ክርክር አትግጠሙ።

ከዚያ «ማሊክ አምባር ካ መቅበራ» በሉት። ሾፌሩ ካላወቀው ዛር ዛሪ ዛር ባክሽ ወደሚባሉት የሱፊ ሼህ መካነ መቃብር አቅጣጫ እንዲሄድ ንገሩትና እዚያ የአካባቢውን ሰው ይጠይቅ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ መኪና የያዛችሁ የመጨረሻውን ክፍል በእግር ሂዱ። መቃብሩ በጥቁር ድንጋይ የተሠራ ባለ ጉልላት ሕንፃ ነው፤ የሚስቱ መቃብርም ቅርቡ ነው። የቲኬት ወረፋም ሆነ ግርግር የለም። የግማሽ ሰዓት ጸጥታ መድቡለት፤ ከዚህ ሰፊ አገር ውስጥ የሐበሻ ልጅ እንደ መንግሥት መሪ በክብር ያረፈበት ቦታ ነው፤ ተቻኩሎ የሚታይ አይደለም።

ምሳ ኤሎራ አቅራቢያ ብሉ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ወቅት ለሚሄድ፦ «ቬጅ» ማለት ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ የጾም ማለት አይደለም። ምስሩ በቅቤ ይቁላላል፤ አትክልቱ ላይ እርጎ ወይም ክሬም ይጨመራል፤ ናኑም ቅቤ ይቀባል። በታሸገ ምግብ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብም ወተትን አትከለክልም። «ዱድ ናሂ፣ ጊ ናሂ፣ ደሂ ናሂ» (ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎ የለም) በሉ፤ በዘይት የተሠራ ምስር፣ ነጭ ሩዝና ያልተቀባ ሮቲ እዘዙ።

ኤሎራ፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት

መግቢያው ለውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ነው፤ በኢንተርኔት ሲቆረጥ በጥቂቱ ይቀንሳል። ሾፌር አስጎብኚ አይደለም፤ ከመኪናው አይለይም። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ በሩ ላይ የመንግሥት መታወቂያ በአንገቱ ያንጠለጠለውን ብቻ ያዙ፤ ስንት ሰዓትና የትኞቹን ዋሻዎች እንደሚያሳያችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

34 ዋሻዎች አሉ፦ ከ1 እስከ 12 የቡድሃ፣ ከ13 እስከ 29 የሂንዱ፣ ከ30 እስከ 34 የጄይን (ሌላ ጥንታዊ የህንድ ሃይማኖት)። በሦስት ሰዓት ሁሉንም ለማየት መሞከር አንዱንም አለማየት ነው። ቁጥር 16 ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ሰው ሁሉ ቀጥታ ይገባበታል። እናንተ መጀመሪያ በግቢው አውቶብስ ወደ ጄይኖቹ ሂዱና 32ን እዩ። ስትመለሱ በእግር ወደ 10 እና 12። ቁጥር 10 ውስጥ ጣሪያው እንደ እንጨት ማገር ተደርጎ በድንጋይ ተጠርቧል፤ ከሰዓት በኋላ በላይኛው መስኮት ብርሃን ይገባል። 12 ሦስት ፎቅ ነው፤ ብዙ ሰው ከምድር ቤቱ ይመለሳል፤ የተደረደሩት ቡድሃዎች ግን ያሉት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው።

ለ16፣ ካይላሳ ለሚባለው ቤተ መቅደስ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይቅርላችሁ። በስምንተኛው መቶ ዘመን በራሽትራኩታው ንጉሥ በክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን ከአንድ ዓለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ግቢው ከ80 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ቤተ መቅደሱ ወደ 30 ሜትር ይጠጋል። ላሊበላን ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ዙሪያው በጉድጓድ ተቆርጦ መሐሉ ይተዋል፤ ከዚያ የቀረው ተጠርቦ ሕንፃ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ጀምሩ። ወደ በሩ ፊታችሁን አዙራችሁ ስትቆሙ በስተቀኝ ያለው የእግር መንገድ ወደ ገደሉ አፍ ያወጣል። አጥር በሌለበት ቦታ ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ፤ ጠጠሩ ያንሸራትታል። ወርዳችሁ ስትገቡ በደቡቡ ግድግዳ የሂንዱ አፈ ታሪክ የአጋንንት ንጉሥ ራቫና ተራራውን ሲያነቃንቅ የሚያሳየውን ቅርጽና ሕንፃውን የተሸከሙትን ዝሆኖች ፈልጉ።

መመለሻ

10 ሰዓት ላይ ተነሱ። ቢቢ ካ ማቅባራን ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለባችሁ፤ በዘገያችሁ ቁጥር የከተማው መግቢያ ይጨናነቃል። የአውራንግዜብ ሚስት ዲልራስ ባኑ መቃብር ነው፤ በ1660 ገደማ ተሠራ፤ መግቢያው 300 ሩፒ ነው። ታጅ ማሃልን ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እብነ በረዱ የግድግዳው ታችኛው ክፍልና ጉልላቱ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው በኖራ ልስን የተሸፈነ ድንጋይ ነው። ጠጋ ብላችሁ እብነ በረዱ የሚያልቅበትን መስመር እዩት። 40 ደቂቃ ይበቃል።

ብርሃን ካለ ማሊክ አምባር በ1612 ባሠራው ባድካል በር ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ፤ መኪናው ትራፊክ እንዳይዘጋ አልፎ ይጠብቃችሁ።

ሆቴል ስትደርሱ ከመውረዳችሁ በፊት ቆጣሪውን እንደገና ፎቶ አንሱ፤ ከጠዋቱ ጋር አስተያዩ፤ የማቆሚያ ደረሰኞቹን ተቀበሉ። ቀሪውን ክፍያ በውሉ መሠረት ለድርጅቱ ክፈሉ፤ ጉርሻውን ግን ለሾፌሩ በእጁ ስጡ፤ በድርጅቱ በኩል ከላካችሁት ላይደርሰው ይችላል።