የውፍረትን ዘረመል በድሬዳዋና በሐረር ለማጥናት ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በምሥራቁ አካባቢ ስለ ዘረመልና ስለ ውፍረት ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከውፍረት ጋር ከተያያዘው ኤፍቲኦ ከተባለው ጂን ነው። ምርጫው አይነቀፍም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

የአውሮፓን ምልክት እንዳለ መቅዳት

ኤፍቲኦ 16ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የወጣ ጥናት፣ በጂኑ ውስጥ አርኤስ9939609 በተባለው ቦታ ላይ «ኤ» የተባለውን የዲኤንኤ ፊደል ከእናትም ከአባትም የወረሱ አውሮፓውያን ጨርሶ ካልወረሱት በአማካይ 3 ኪሎ ያህል እንደሚከብዱ አሳየ። ይህ ቦታ ግን ምልክት ነው፤ ከእውነተኛው መንስኤ ጋር አብሮ ስለሚወረስ ነው የሚጠቁመን። በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ አብረው የሚወረሱት የዲኤንኤ ቁራጮች አጫጭር ስለሆኑ ምልክቱና መንስኤው ሊለያዩ ይችላሉ። በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ አርኤስ3751812 የተባለው ሌላ ቦታ የተሻለ ጠቋሚ ሆኖ የተገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ፈትሾ «ኤፍቲኦ እዚህ አይሠራም» ማለት አያስኬድም። በጂኑ የመጀመሪያ ኢንትሮን (ወደ ፕሮቲን በማይተረጎም ክፍል) ውስጥ ያሉ በርከት ያሉ ቦታዎች ይፈተሹ።

«አፍሪካዊ» የሚለውን በቂ አድርጎ መውሰድ

አንድ ሺህ ጂኖም በተባለው ዓለም አቀፍ ማጣቀሻ ውስጥ ያሉት የአህጉሪቱ ናሙናዎች ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮንና ከኬንያ የተወሰዱ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ አንድም የለም። ከዚህ ላይ ደግሞ የብዙ ኢትዮጵያውያን ጂኖም ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር የሚዛመድ ትልቅ ድርሻ አለው። በናይጄሪያ የተገኘውን የምልክቶች ድግግሞሽ ለሐረር መጠቀም ገና ከመነሻው ያሳስታል።

ማኅበረሰቦችን ሳይለዩ መደባለቅ

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ ሐረሪ፣ አማራ፣ አርጎባና ጉራጌ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ የዘር ግንዳቸውም አኗኗራቸውም ይለያያል። ወፍራሞቹ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር፣ ቀጭኖቹ ከገጠር ቀበሌ ቢሰበሰቡ፣ የሚገኘው ልዩነት ከውፍረት ይልቅ የዘር ግንድ ልዩነት ሊሆን ይችላል። «ብሔርዎ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም አይበቃም፤ በድሬዳዋ ቅልቅል ቤተሰብ ሞልቷል። ከመላው ጂኖም በተነበቡ ምልክቶች የዘር ግንድ ልዩነቱ ይሰላ፤ ልዩነቱን ጠቅለል አድርገው የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹ 10 ዋና ክፍልፋዮችም (ፕሪንሲፓል ኮምፖነንትስ) ወደ ትንተናው ይግቡ።

ጫት እዚህ ላይ ነገሩን ያወሳስበዋል። በጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ይዘጋል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ ግን በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። አቃቃሙ ደግሞ በፆታም በማኅበረሰብም ስለሚለያይ ከዘረመሉ ጋር ተጠላልፎ ይመጣል። «ይቅማሉ ወይስ አይቅሙም?» ብቻ ተብሎ አይታለፍ፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ ለስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር ተብሎ ይጠየቅ። በረመዳን የተለካውንና በሌላ ወር የተለካውንም አታደባልቁ።

ቢኤምአይን ብቻ ማመን

ቢኤምአይ ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ 30 ሲሞላ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። እግረ ረጅም ሰው ግን ያው ስብ እያለው ቢኤምአዩ ዝቅ ይላል፤ ይህ በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ በተለይ ይታሰብበት። የመቀመጫ ቁመትና የወገብ ዙሪያ አብረው ይለኩ። ወገብ የሚለካው በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ሰውየው እንደወትሮው ተንፍሶ ሲጨርስ ነው። ሱሪው ላይ መለካት ልክ አይደለም።

ናሙናን ማበላሸት

ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይወሰድ። በአረንጓዴው ያለው ሄፓሪን ፒሲአርን (ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴውን) ያደናቅፋል። ምራቅ ከሆነ ጠዋት፣ አፍ ተጉመጥምጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን የጫት ቅሪት ይገባበታል። የድሬዳዋ ሙቀት ለናሙና አይመችምና በረዶ ያለበት ሣጥን ይያዝ። አስቀድማችሁ በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍሉት፤ በተደጋጋሚ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ዲኤንኤውን ይሰባብረዋል።

በ400 ሰው ማጠቃለል

በአውሮፓውያን ኤፍቲኦ የሚያስረዳው ከቢኤምአይ ልዩነት 0.34 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በ0.05 ወሰን (ግንኙነት ሳይኖር በአጋጣሚ አለ የማለት ዕድል) እና በ80 በመቶ አቅም (ግንኙነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) ለማየት 2,300 ሰው ገደማ ያስፈልጋል። 20 ቦታ ከተፈተሸ ወሰኑ ለ20 ተካፍሎ ወደ 0.0025፣ ሰዉ ወደ 4,400 ይጠጋል። የሚፈተሸው መላው ጂኖም ሲሆን 12,000 እንኳ ብዙ አይደለም። አቅም ከሌለ ከሌሎች ተቋማት ጋር መረጃ ማዋሐድ እንጂ በጥቂት ሰው «ግንኙነት የለም» ብሎ መጻፍ አይገባም።

ውጤቱን እንደ ፍርድ መንገር

ከአውሮፓውያን መረጃ የተሠራ የአደጋ ነጥብ (ከብዙ የዘረመል ምልክቶች ተደምሮ የሚሰላ የመወፈር ዕድል ግምት) በአፍሪካውያን ላይ ትክክለኛነቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለግለሰብ አይሰጥ። የኤፍቲኦ ተጽዕኖ ራሱ በሚንቀሳቀሱ ሰዎች ላይ 27 በመቶ ያህል ዝቅ እንደሚል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የወጣ ከ218,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና አሳይቷል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ረሃቡ የማያባራና በፍጥነት የሚወፍር ልጅ ግን የተለየ ነው፤ ኤምሲ4አርን በመሰለ አንድ ጂን ላይ የደረሰ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሕፃናት ሐኪም ይላክ።