ፀረ-ተባይ ርጭትና ውሃችን፦ በጎንደር ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዘዞ፣ በጠዳና በማክሰኝት አካባቢ አትክልት ላይ ከሚረጨው ኬሚካል ከፊሉ ተባዩን አያገኘውም። አፈር ላይ ያርፋል። ከዚያም ወደ ጉድጓድ፣ ወደ መገጭ ወንዝ፣ ሲብስም እስከ ጣና ይዘልቃል። ቲማቲም ያለ ርጭት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አምራች ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ጭራሽ አትርጩ አልልም። ነገር ግን ያለ ብዙ ወጪ ልንተዋቸው የምንችላቸው ስህተቶች አሉ።

መርጫውን ወንዝ ዳር ማጠብ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ውሃው ቅርብ ስለሆነ እዚያው በጥብጦ፣ ረጭቶ ሲመለስ እዚያው አለቅልቆ መሄድ ይቀላል። ጉዳቱን በቁጥር እንየው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድ ዓይነት ፀረ-ተባይ ከ0.1 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ያዛል፤ ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ ስሌት 1 ግራም ኬሚካል 10 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውሃን ወሰኑ ላይ ያደርሳል። መርጫው ሥር የሚቀረውን አስቡት። ያውም ከታች ሌላው ሰው ከብቱን ያጠጣል፣ ልብስ ያጥባል፣ ሰላጣውን በሞተር ስቦ ያጠጣል።

ውሃውን በጄሪካን ወደ ማሳው ውሰዱና ከወንዝም ከጉድጓድም ርቃችሁ በጥብጡ። እጣቢውን እዚያው የተረጨው ሰብል ላይ ጨርሱት።

«ዝናቡ ያጥበዋል» ማለት

ያጥበዋል፤ ግን የት ይወስደዋል? እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያሉ ኬሚካሎች የአፈር ቅንጣት ላይ ይጣበቃሉ። በክረምት ጎርፉ አፈሩን ሲጠርገው አብረው ይሄዳሉ። ይህ ኬሚካል ደግሞ በጣም ትንሹም ለዓሣ መርዝ ነው። ሰማዩ ከጠቆረ አትርጩ፤ ብሩም አብሮ ነው የሚታጠበው። በማሳውና በወንዙ መካከል ሣር የለበሰ ዳርቻ መተውም ደለሉን ይይዛል።

ዋልካው ያስቀረዋል ብሎ መተማመን

ዋልካ አፈር ሲረጥብ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም፤ እውነት ነው። በበጋ ግን ይሰነጠቃል። ያኔ የመጀመሪያው የመስኖ ውሃ ኬሚካሉን ይዞ በስንጥቁ ቁልቁል ይወርዳል። የግቢ ጉድጓድ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ውሃውን ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር ጀርም ይገድላል እንጂ ለፀረ-ተባይ መፍትሔ አይሆንም።

ትሉ አልሞት ሲል መጠኑን ማጠፍ

ተባዩ ኬሚካሉን ከለመደው እጥፍ ማድረጉ አፈሩን ብቻ ይጎዳል። የባሰውንም የለመደውን ትል ዘር ያበዛል። የኬሚካሉን ዓይነት መለወጥ ይሻላል። የንግድ ስሙ ተለየ ማለት ግን ኬሚካሉ ተለየ ማለት አይደለምና ባለሙያ ጠይቁ።

ባዶውን ዕቃ ለቤት ማዋል

ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ይመጠዋል። በሳሙና ቢታጠብም ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ አይሆንም። ሦስት ጊዜ እያለቀለቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩ፤ ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ብሱት። ቦይ ውስጥ አትጣሉት፣ አታቃጥሉትም።

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ መግዛት

እባካችሁ ይቅር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሃይላንድ ያለው ምን እንደሆነ፣ መቼ ጊዜው እንዳለፈበት፣ ከተረጨ ከስንት ቀን በኋላ ሰብሉ እንደሚለቀም የሚነግራችሁ ጽሑፍ የለውም። የቆየ ዲዲቲም ሊሆን ይችላል። ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ተወስኗል፤ አፈር ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ እንኳ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። ቤታችሁ የቆየ ኬሚካል ካለ አትቅበሩት፣ አትድፉትም። ከልጆች አርቃችሁ ቆልፉበትና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።