በዝናብ የከረመ የዱር ጉዞ ሊያበቃ ሲል የሚፈጸሙ ስህተቶች

ድንኳንና ስንቅ በጀርባቸው ተሸክመው ለቀናት ሰው በማይኖርበት ዱር ከሚጓዙ ጀማሪዎች ጋር ደጋግሜ ስወጣ እንደታዘብኩት፣ በዝናብ የከረመ ቡድን ከባዱን ጥፋት የሚያጠፋው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ልቡ ቀድሞት ቤቱ በገባበት በመጨረሻው ቀን ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ለመኝታ ብቻ የተቀመጠውን ደረቅ ልብስ በማለዳ ለብሶ መነሣት ነው። ሲንጠባጠብ ባደረ ሱሪ ውስጥ እግርን መክተት እንደሚሰቀጥጥ አላጣሁትም፤ ነገር ግን እርጥቡን ልብስ ጥቂት እንደተራመዱ የሰውነት ሙቀት ያለዝበዋል፣ ደረቁ ግን አንዴ ከራሰ በዚያ ሰማይ ሥር የሚያደርቀው የለም። «ማታ ቤታችን ነን፤ ለመቼ ብለን ነው የምንቆጥበው?» የሚለውን ክርክር ስንት ጊዜ ሰማሁት! እኔም ተታልዬበታለሁ። የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረን ደረቁን ሹራብና ካልሲ አጥልቄ ወጣሁ፤ ቀትር ላይ ግን በመምጫችን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን የተሻገርነው ጅረት ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ጠበቀን። እዚያው ማደር ግድ ሆነ፤ እኔም ጥርሴ እየተንገጫገጨ በተውሶ ሹራብ አነጋሁ።

ውኃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ፣ የራሰ ሰው ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን እንኳ የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ማለትም ለሕይወት ወደሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ምላሱ የተሳሰረ፣ የሚደነቃቀፍ ወይም ዚፑን መዝጋት ያቃተው ጓደኛ ሲታይ «ደክሞት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግሞ ነገሩ ብሷል።

የሞላ ጅረትን በችኮላ መሻገር ሌላው ነው። ዝናቡ ካባራ ትንሽ ጅረት ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ መጠበቅ ነው። መሻገር የሚቻል ሲሆንም ቦታው ሰፋ ብሎ ውኃው የሚያዘግምበት ሊሆን፣ የሻንጣው የወገብና የደረት ማሰሪያ አስቀድሞ ሊፈታ ይገባል፤ የወደቀ ሰው ሸክሙን መጣል አለበትና።

ድንኳን ውስጥ ምድጃ መለኮስ በፍጹም አይደረግም፤ ከምድጃው የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ ስለሌለው አይታወቅም። የቀረውን ስንቅ «ሸክም እናቅልል» ብሎ ጠዋት መጨረስም ያው የጅረቱን ታሪክ መርሳት ነው።

ጀማሪዎች የሻንጣቸውን የውጭ ሽፋን ከልክ በላይ ያምናሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም፣ ሲያዩት ያስተማምናል። ውኃው ግን ጀርባን ተከትሎ፣ በትከሻ ማንገቻው በኩል ይገባል። የመኝታ ከረጢቱና ደረቁ ልብስ አፉ በተጠቀለለ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ በተለይ ከረጢቱ በላባ የተሞላ ከሆነ፣ ላባ ሲርስ ተጣብቆ ማሞቁን ይተዋልና።

ቤት ሲደረስ ድንኳኑን እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ መወርወርም አለ። የመጀመሪያ ድንኳኔን ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፈታው ሻጋታው ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶበት፣ ጠረኑም በብዙ አጠባ አልለቀቀም።