በቢላ የተቆረጠ ጣት በደንብ እንዲጠግግ ምን ይደረጋል?

ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላው ጣታችንን ቢቆርጠው፣ የተከፈተውን ቦታ በአዲስ ሥጋ የሚሞሉት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ቆዳንና ጅማትን አጠንክሮ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሚሠሩት እነርሱ ሲሆኑ፣ በቁስሉ ዙሪያ ካለው ጤነኛ ሥጋ ተነሥተው በብዛት መግባት የሚጀምሩት ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያው የኛ ድርሻ ቦታውን ማዘጋጀት ነው።

በመጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያነሡ ይጫኑት። ቆመ አልቆመ እያሉ በየደቂቃው መግለጥ የረጋውን ደም ይነቅለዋል፤ የረጋው ደም ደግሞ ሴሎቹ ይዘውት የሚሻገሩበት መረብ ነው። ደሙ አልቆም ካለ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎንም እዚያው ይጠይቁ።

ደሙ ከቆመ በኋላ ቁስሉን በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ይጠቡ። በየቤቱ የተለመደው የቡና ዱቄት ቁስሉ ውስጥ ባዕድ ነገር ሆኖ ስለሚቀር አይነስንሱበት። አልኮልም ቢሆን ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ፋይብሮብላስቱንም ስለሚጎዳ፣ ማቃጠሉን የመዳን ምልክት አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

ከዚያ ቫዝሊን ስስ አድርገው ቀብተው በፕላስተር ይሸፍኑት፤ በየቀኑም ይቀይሩት። «አየር ይንካው» የሚለው ምክር ብዙም አያዋጣም፦ ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ እርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል ክፍት ሆኖ ከደረቀው በእጥፍ ያህል ፍጥነት ቆዳ አልብሷል።

በአመጋገብ በኩል ቫይታሚን ሲ ከሌለ የኮላጅን ክሮች በትክክል ተገምደው አይጠነክሩም። የጥንት መርከበኞች በዚሁ እጥረት ሲታመሙ የቆየ ጠባሳቸው ሳይቀር ይከፈት ነበር። ብርቱካን፣ ዘይቱን ወይም ጥሬ ቃሪያ ይበቃል፤ ፕሮቲኑን ከሽሮ፣ ከምስርና ከእንቁላል ያገኙታል።

ከቀናት በኋላ ቀይና በቀላሉ የሚደማ ሥጋ ሲወጣ አይነካኩት። በዚህ ጊዜ ከፋይብሮብላስቶቹ አንዳንዶቹ እንደ ጡንቻ እየተኮማተሩ የቁስሉን ጠርዞች ወደ መሃል ይስባሉ። ላዩ ቢገጥምም በሦስተኛው ሳምንት ጥንካሬው ከጤነኛ ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጣቱን ከከባድ ሥራ ያሳርፉት። ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ ከሄደ ግን ሴሎቹ ሥራቸውን አላቆሙም ማለት ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት።