ክላስተር ላይ ሜሞሪ ሲሞላ መጀመሪያ ሴሽኑን እዩ

ባሕር ዳር ሆናችሁ የጃቫ ሲስተም በክላስተር (አብረው በሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች) የምታስተዳድሩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ሜሞሪ በሞላ ቁጥር ሪስታርት ማድረግ የጣናን እምቦጭ ከላይ ከላይ እንደመልቀም ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።

የሜሞሪው ግራፍ ወጣ ወረደ ማለቱ አያስደንግጣችሁ፣ የጃቫ ጠባይ ነው። የሚታየው ከሙሉ ጋርቤጅ ኮሌክሽን (ጃቫ የማያስፈልገውን ዳታ ከሜሞሪ ከጠረገ) በኋላ የሚቀረው መጠን ነው። እሱ በየጊዜው ከፍ እያለ ከሄደ ሊክ (ሥራው አልቆ ከሜሞሪ ያልወጣ ዳታ) ጠርጥሩ።

ሁሉም ሰርቨሮች እኩል ከሞሉ፣ እኔ ቀድሜ የማየው ሴሽንን (ሰርቨሩ ስለ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚይዘውን ጊዜያዊ መረጃ) ነው። ቶምካት (የጃቫ ዌብ ሰርቨር) ላይ ዴልታ ማኔጀር የሚባለው ሴሽን ያዥ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ሴሽን ወደ ሁሉም ሰርቨር ይገለብጣል። አንዱ ፕሮግራመር ሙሉ የሪፖርት ዝርዝር ሴሽን ውስጥ ከከተተ፣ 4 ሰርቨር ካላችሁ 4 ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰርቨር መጨመር ምንም አይፈይድም (አለቃ ግን ሁሌ የሚያዘው እሱን ነው)። ሴሽን ውስጥ የሪፖርቱን መለያ ቁጥር ብቻ አስቀምጡ። ካልሆነ ወደ ባክአፕ ማኔጀር ቀይሩት፤ እሱ መጠባበቂያ ቅጂውን አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው የሚያኖረው።

ለማረጋገጥ ሂፕ ደምፕ (የጃቫ ሜሞሪ ሙሉ ቅጂ በፋይል) ውሰዱ። ሲወሰድ ጄቪኤሙ (ጃቫውን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ቀጥ ስለሚል ሰርቨሩን መጀመሪያ ከሎድ ባላንሰሩ (ሥራውን ለሰርቨሮቹ ከሚያከፋፍለው) አውጡት። ዲስክ ላይ በቂ ቦታ መኖሩንም እዩ። ከዚያ በኤክሊፕስ ማት (ሂፕ ደምፕ መመርመሪያ ፕሮግራም) ክፈቱትና ዶሚኔተር ትሪው (ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ከላይ የሚያሳየው ዝርዝር) አናት ላይ ማን እንደተቀመጠ ተመልከቱ። ብቻ አታዘግዩት፤ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ከጠፋ ማስረጃውም አብሮ ሄደ።