ከፍቺ በኋላ ልጅ በጋራ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍቺ በኋላ የሚነሳው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ «ልጁን ማን ይበልጥ ይወዳል» በሚል አይደለም፤ «እሑድ በስንት ሰዓት ትመልሰዋለህ» በሚል ነው።

ስምምነቱን በደፈናው መጻፍ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የልጆቹን አያያዝ ጭምር ተስማምተው ለፍርድ ቤት እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የሚኖሩበትን ይመልከቱ። ብዙዎች ግን ፍቺው ቶሎ እንዲያልቅ «አባት ልጁን በየሳምንቱ ይጎበኛል» ብለው ይፈርማሉ። ጭቅጭቁ የሚፈለፈለው ከዚህች መስመር ነው። «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከእናቱ ቤት ወስዶ እሑድ 11 ሰዓት ላይ ይመልሳል፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ከዘገየ አስቀድሞ ይደውላል» ተብሎ ይጻፍ። በዓልም እንደዚያው፦ ዘንድሮ ገና ከእናት፣ ፋሲካ ከአባት፤ በሚቀጥለው ዓመት ይቀያየራሉ። ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰን ቀን ከመቁረጥ «ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ» ማለት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚከፈሉም አይረሳ፤ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ መደራደር ረፍዷል።

ቀለብን መያዣ ማድረግ

«ካልከፈለ አያያትም»፣ «ካላሳየችኝ አልከፍልም»። ሁለቱም ልጅን ማስያዝ ነው። ቀለቡም ሆነ ከወላጅ ጋር መገናኘቱ ለልጁ የተወሰኑ ናቸውና አንዱ ሲጓደል ሌላውን መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ ላልተከፈለ ቀለብ መንገዱ የአፈጻጸም አቤቱታ ነው፤ ይኸውም ውሳኔው እንዲፈጸም ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው። ከፋዩም ገቢው ሲቀንስ በራሱ ሥልጣን ከመቀነስ ይልቅ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት አለበት። «ጫማ ገዝቼለታለሁ» ብሎ ከወሩ ቀለብ ማንሳትም ያው ነው፤ ጫማው ስጦታ ነው። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ምክንያቱ ላይ «የመጋቢት ቀለብ» ተብሎ ይላክ። እጅ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ከስድስት ወር በኋላ ምስክር የለውም።

ልጁን መልእክተኛ ማድረግ

«የትምህርት ቤቱን ክፍያ የት አደረስከው በለው» የተባለ የስምንት ዓመት ልጅ ወይ ፈርቶ ይተወዋል፣ ወይ አለሳልሶ ይናገራል። ከዚያ ውሸታም የሚባለው እሱ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበቃል፤ በአንድ መልእክት አንድ ጉዳይ፣ ቀኑና የብሩ መጠን ተጠቅሶ። የድሮ ቂም እዚያ ውስጥ አይግባ።

የሁለቱን ቤት ሥርዓት አንድ ካላደረግሁ ማለት

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዲያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወላጆችን አያያዝ ስታጠና በቁጣ ብቻ የሚገዛውን፣ ሁሉን የሚፈቅደውን፣ እንዲሁም ሥርዓት አውጥቶ ምክንያቱን የሚያስረዳውን ለይታለች። በፍቺ ላይ የሚብሰው ሁለቱ ወላጆች እርስ በርስ መካካሳቸው ነው፦ እናት ስታጠብቅ አባት ይለቃል፣ እሱ በለቀቀ ቁጥር እሷ ታጠብቃለች። በሦስት ነገር ብቻ ይስማሙ፦ በትምህርት ቀን የመኝታ ሰዓት፣ ከቤት ሥራ በፊት ስልክ አለመስጠት፣ አለመምታት። እራት ላይ ቴሌቪዥን ይከፈት አይከፈት የየቤቱ ጉዳይ ነው።

ርክክቡን በደጅ ሰላምታ መጨረስ

በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሽሮፕ የጀመረ ልጅ እናስብ። እናት ጠዋት 1 ሰዓት ሰጥታው 3 ሰዓት ላይ ታስረክበዋለች። ቀጣዩ 9 ሰዓት ላይ መሆኑ ካልተነገረው አባት ወይ 4 ሰዓት ላይ ይደግመዋል፣ ወይ ትኩሳቱ ስለበረደ ይተወዋል። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፦ መጠኑ፣ የመጨረሻው የተሰጠበት ሰዓት፣ ስንት ቀን እንደቀረው። ቦርሳው ውስጥ ደብተርና የሰኞ ዩኒፎርም መኖራቸው ደጃፍ ላይ ይታይ።

አያቶችና አክስቶች ልጁ እየሰማ «ያ አባትህ» ማለት ሲጀምሩ ደግሞ ዝም የማሰኘቱ ሥራ የራሳቸው ወገን የሆነው ወላጅ ድርሻ ነው። የቀድሞ አማች ከተናገረ ጠቡ ይሰፋል።

ከባሕር ማዶ ሲመቸኝ እደውላለሁ ማለት

ዋሽንግተን ያለ አባት ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደኋላ ነው። ሰዓታቸው የሚቀየረው በመጋቢት መግቢያ አካባቢና በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ «ልጄ ስልክ አላነሳልኝም» የሚባለውም አንዳንዴ የዚያ ሰሞን ነው። ቀጠሮው በልጁ ሰዓት ይያዝ፦ ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት። አባት በክረምታቸው ጠዋት 4፣ በበጋቸው ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ይደውላል።